ሃምስተር ለልጅ የምትገዛ “ቀላል እንስሳ” አይደለችም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ በምንኖር ወላጆች ዘንድ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጆቻችሁ “ውሻ ግዙልን” እያሉ ሲነዘንዟችሁ ሃምስተር የምትባለውን አይጥ መሳይ ትንሽ እንስሳ ገዝታችሁ ተገላገሉ። ጸሐፊው ምክንያቶቻቸውን ደርድረዋል። ቦታ አትይዝም፤ ብቻዋን እንዳይከፋት ሁለት መግዛት ይቻላል፤ ወጪ የላትም፤ አትሸትም፤ በሽታ አታመጣም፤ ልጅን ኃላፊነት ታስተምራለች፤ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ሸክሙም አጭር ነው፤ ልጆቹ ከሰለቿትም መናፈሻ ወስዶ መልቀቅ ነው።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ትንንሽ እንስሳትን በሚያክም ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ይቺ “ቀላል እንስሳ” እኛ ዘንድ የምትደርሰው በጫማ ካርቶን ተይዛ፣ ብዙውን ጊዜም ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጸሐፊው ክፉ አስበው እንዳልጻፉ ይገባኛል። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከሚያፈጡ ነፍስ ያለው ነገር ቢንከባከቡ ይሻላል ሲሉ አብሬያቸው ነኝ። ነገር ግን መረጃቸውን ያገኙት ከሻጩ እንደሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይኼ ነው። ሻጩ ሃምስተሯን ከነኬጇ (ከነመኖሪያ ሣጥኗ) ሸጦ የሚገላገል ሰው ነው፤ በሦስተኛው ወር ምን እንደሚሆን አያይም።

ከቦታው ልጀምር፤ ትልቁ ስሕተት እዚያ ነውና። “የወጥ ቤት ጠረጴዛ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ኬጅ ትበቃታለች” ይላሉ። በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ወርቃማው ሃምስተር ትውልዱ ሰሜን ሶርያና ደቡብ ቱርክ፣ ሐለብ (አሌፖ) አካባቢ ያለ የእርሻ መሬት ነው። እዚያ የሚኖረው ጉድጓድ ቆፍሮ ነው። ተመራማሪዎች የዱሮቹን ጉድጓድ ቆፍረው ሲለኩ በአማካይ ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አገኙ፤ ከአንድ ሜትር ያለፈም ነበረ። ውስጡ መኝታው ለብቻ፣ የእህል ማከማቻው ለብቻ፣ መሽኛው ለብቻ ነው። እንግዲህ ይህንን እንስሳ ሁለት ጣት ውፍረት ሰጋቱራ በተነጠፈበት ፕላስቲክ ላይ አስቀምጡት። ምን ይቆፍር?

በ2006 የታተመ አንድ የስዊዘርላንድ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። ወርቃማ ሃምስተሮችን በሦስት ምድብ ከፍለው ለአንዱ 10፣ ለሌላው 40፣ ለሦስተኛው 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ንጣፍ ሰጧቸው። በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ የኖሩት ከሌሎቹ ይልቅ የኬጃቸውን ሽቦ ያኝኩ ነበር፤ ለመሮጫ በተሰጣቸው መንኮራኩር ላይም ያለ ልክ ይሮጡ ነበር። የሽቦ ማኘኩን ነገር እኔም በየጊዜው አየዋለሁ። ቤተሰቡ “ጥርሷን እየሳለች ነው” ወይም “ምግብ እየጠየቀች ነው” ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን አፍንጫዋ ድልድይ ላይ ያለው ጸጉር ተልጧል፤ ቆዳው ቀልቶ አንዳንዴም ቆስሏል። ሌሊቱን ሙሉ አንዱን ሽቦ ይዛ፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገች ስትግጥ ታድራለች። ይህ መውጫ ፍለጋ ነው።

የጀርመን የእንስሳት ሐኪሞች የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ዝቅተኛው መጠን ብሎ የሚመክረው 100 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንዲት ሃምስተር! በዚህ ላይ ሰጋቱራው ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር መውፈር አለበት። ይህ ሲሆን የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚያክል ቦታ ያዘ ማለት ነው። ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኪራይ ውላችሁ እንስሳ ይፈቅድ እንደሆነ ማንበቡ ሳይረሳ።

ሰጋቱራውም ዝም ብሎ አይገዛም። ሴዳርና ፓይን ከሚባሉ ዛፎች የሚወጣው ሰጋቱራ ለእኛ አፍንጫ ጥሩ ጠረን አለው፤ ለእሷ ግን ያው ጠረን መተንፈሻዋን የሚያስቆጣ ኬሚካል ነው። የወረቀት ንጣፍ ወይም አስፐን የሚባለው ዛፍ ሰጋቱራ ይሻላል። “ለስላሳ መኝታ” ተብሎ የሚሸጠው ጥጥ መሳዩ ነገር እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ደም ያቆማል፤ ከዋጠችውም አንጀቷን ይዘጋል። ከኬጁ ጋር አብሮ የሚመጣው ትንሹ መንኮራኩር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሰላል መሳይ የሽቦ ርብራብ ነው። እግሯ በርብራቡ መሐል ይገባል፤ መንኮራኩሩ መዞሩን አያቆምም። ቀሪውን መገመት ትችላላችሁ። መሮጫው ድፍን፣ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል፤ ስትሮጥ ጀርባዋ ወደ ኋላ ከጎበጠ ጠቧታል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። “ብቻዋን እንዳይከፋት ሁለት ግዙ” የሚለውን ሳነብ እውነቱን ለመናገር ደንግጫለሁ። ወርቃማው ሃምስተር ብቸኛ እንስሳ ነው። ስምንትና አሥር ሳምንት ከሞላው በኋላ የሌላውን ጠረን በክልሉ አይታገሥም። ሱቅ ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተው ስታዩዋቸው ገና ግልገል ስለሆኑ ነው። ሻጩ ያንን አሳይቶ “ወንድማማቾች ናቸው፣ ይዋደዳሉ” ይላል። ወር ሳይሞላ ሌሊት ጩኸት ይሰማል፤ ጠዋት አንዷ ጥግ ይዛ፣ ሆዷና መቀመጫዋ ተነክሶ ትገኛለች። ቁስሉ ከጸጉሩ ሥር ስለሚደበቅ ቤተሰቡ መግል እስኪይዝ ድረስ ላያውቅ ይችላል። ድንክ ከሚባሉት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ተስማምተው ሲኖሩ ይታያል፤ እነሱም ቢሆኑ አንድ ቀን ሊጣሉ ስለሚችሉ ሁለተኛ ኬጅ አዘጋጅቶ መጠበቅ የግድ ነው።

የዚህ እንስሳ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። ሳይንስ በ1839 ቢመዘግበውም ለመቶ ዓመት ያህል በሕይወት የሚያውቀው ሰው እምብዛም ነበር። በ1930 የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ እስራኤል አሃሮኒ ሐለብ አጠገብ ካለ የእህል ማሳ አንዲት እናት ከነግልገሎቿ አስቆፍሮ አወጣ። የሥራ ባልደረባው ሳውል አድለር ለሌሽማኒያሲስ ምርምር ይፈልጋቸው ነበር፤ ይህ በእኛም አገር በቆላው ካላአዛር፣ በደጋው ቁንጭር የሚባለው በሽታ ነው። እናትየዋ ሳጥን ውስጥ በገባች ጊዜ ከድንጋጤዋ ብዛት የገዛ ግልገሏን ገደለች። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ ጉድጓድ የወጡት ወንድምና እኅቶች ዘሮች ናቸው። ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደ ውሻ ሰው ተለማምዷል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ደግሞ “ሁለት” ያሉት ወንድና ሴት ከሆኑስ? እርግዝናዋ 16 ቀን ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስምንትና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። ግልገሎቹ በወር ገደማ ዕድሜያቸው ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ልጆች “እንያቸው” ብለው መኝታዋን ከነካኩ እናቲቱ ግልገሎቿን ልትበላ ትችላለች። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህንን የሚያስረዳ ወላጅ ካለ ብርቱ ነው።

“ወጪ የላትም” ለሚለው። መግዣዋ እርግጥ ነው ርካሽ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ዶላር ትገኛለች። ችግሩ ወጪው ከመግዣው በኋላ የሚጀምር መሆኑ ነው። ደህና ኬጅ፣ ደህና መንኮራኩር፣ በየጊዜው የሚቀየር ብዙ ንጣፍ፣ የምትንከባለልበት አሸዋ፣ የምትደበቅበት የእንጨት ቤት ሲደመር ከእሷ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ሕክምናውማ አይነሳ። ውሻና ድመት የሚያይ ክሊኒክ ሁሉ ሃምስተር አያይም። የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ለመታየት ብቻ የሚጠየቀው ገንዘብ እሷን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይገዛል። ቤተሰቡ እዚህ ላይ ሲደርስ “ለአይጥ ይህን ያህል?” ይላል። ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናቶቻችን እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቁት “ደግሞ አይጥ በገንዘብ ይገዛል?” ብለው ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኛ ቤት ድመት የሚቀለበው ለምን እንደነበር እናውቃለን።

ሐኪም ሲወደድ ታዲያ ሰው ወደ ራሱ መድኃኒት ሳጥን ይሄዳል። አንድ አባት አስታውሳለሁ። ሃምስተሯ ጉንጯ አብጦ ነበር፤ የሻከረ ነገር ወግቷት መግል ይዟል። እሳቸው ለልጃቸው ከታዘዘው የተረፈ አሞክሲሲሊን ፍሪጅ ውስጥ ነበራቸው። “ለሕፃን የሚሰጥ ነገር እሷን ምን ያደርጋታል” ብለው በጠብታ መስጫ ሁለት ቀን ሰጧት። ሲያመጧት እበጡ ቀንሷል፤ እሷ ግን ተቅማጥ በተቅማጥ ሆና፣ ተኮራምታ፣ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት ነበር። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች የሃምስተርን አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ ጠርገው ክሎስትሪዲየም የተባለው መርዘኛ ባክቴሪያ እንዲፈላ ያደርጋሉ። እኛን የሚያድነው መድኃኒት እሷን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ሰውየው ጥሩ አባት ናቸው፤ ልጃቸው ፊት የሚናገሩት ጠፍቷቸው ነበር። ከጽሑፌ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንዲያዝ ከተፈለገ ይህንን እመርጣለሁ፦ የሰው አንቲባዮቲክ ለሃምስተር አትስጡ።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ከሱቅ አዲስ የመጣች ግልገል ጭንቀት ሲበዛባት “እርጥብ ጅራት” በሚባለው የአንጀት በሽታ ልትያዝ ትችላለች፤ መቀመጫዋ በተቅማጥ ከራሰ ነገ ሳይባል ያንኑ ዕለት ሐኪም ያስፈልጋታል፣ ሁለት ቀን ላትቆይ ትችላለችና። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ የምትቆረጥመው ካጣች ወይም ጥርሷ ከተጣመመ አፏን ይዘጉታል። (ብጫ መሆናቸው ግን ጤነኛ ምልክት ነው፤ “ጥርሷ በሰበሰ” ብሎ የሚመጣ ሰው አይታጣም።) ድንኮቹ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ስለሆኑ ጸሐፊው “ልጆች በየቀኑ ሙዝና ወይን ይስጧት” ያሉት ምክር ለእነሱ መርዝ ነው።

“አትሸትም” ለሚለው ግማሽ ልስጣቸው። ራሷ ንጹሕ ናት፤ አንድ ጥግ መርጣ ትሸናለች፤ ያንን ጥግ በየሁለት ቀኑ ማንሳት ነው። ሴቷ ግን በየአራት ቀኑ ገደማ ኮርማ ስትፈልግ ጠረኗ ይበረታል። ሽታውን ለማጥፋት ኬጁን በሙሉ በበረኪና የሚያጥቡ ሰዎች ደግሞ ነገሩን ያብሱታል፤ የገዛ ጠረኗ ሲጠፋባት ተጨንቃ እንደገና ሁሉንም ምልክት ታደርጋለች።

“በሽታ አታመጣም” የሚለው ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ላስፈራራ አልፈልግም፤ በአግባቡ የተያዘች ሃምስተር አደጋዋ አነስተኛ ነው። ነገር ግን የለም ማለት አይደለም። በ2005 እዚሁ አሜሪካ ከአንዲት ለጋሽ አካል የተተከለላቸው አራት ሰዎች ታመው ሦስቱ ሞቱ። ሲመረመር መንስኤው ኤል ሲ ኤም ቪ የተባለ የአይጥ ቫይረስ ነበር፤ ምንጩም ለጋሿ ቤት በቅርቡ የተገዛ ሃምስተር ሆኖ ተገኘ። ይህ ቫይረስ ጤነኛ ሰው ላይ ጉንፋን መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስን ግን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት አዲስ ሃምስተር አይገባም፤ ያለችውም ኬጇ በሌላ ሰው ይጸዳል፣ በሌላ ክፍልም ትቀመጣለች። በጥር 2022 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ የወጣ የኮቪድ ተላላፊነት ከሃምስተሮች ጋር ተያይዞ በመገኘቱ መንግሥት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሃምስተሮችና ሌሎች ትንንሽ እንስሳት እንዲወገዱ አዟል። ሳልሞኔላም አለ። ልጆች ነክተዋት እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ ላይ መቅረብ የለባቸውም። ኬጁን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጉ ያሉትም በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው።

“ልጅን ኃላፊነት ታስተምራለች” የሚለው ከሁሉም ይበልጥ የሚማርክ ነጥብ ነው፤ እኔንም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ እሷ እንቅልፍ ላይ ናት። የምትነሣው ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት፣ ልጁ ሲተኛ ነው። (በ2008 የወጣ ጥናት በዱር ያሉት ሴቶች በቀን ብርሃን ሲመገቡ አግኝቷቸዋል፤ ቤት ውስጥ ግን የሌሊት ሆነዋል። ለምን እንደሆነ ገና እየተከራከሩበት ነው።) ስለዚህ ልጁ ምን ያደርጋል? ይቀሰቅሳታል። ከላይ የሚወርድ እጅ ደግሞ ለእሷ ጭልፊት ነው። ዓይኗ ደካማ ነው፤ የምታውቀው በጠረን ነው። ትነክሳለች፤ ልጁ ይጥላታል፤ ከልጅ ደረት ከፍታ ወለል ላይ መውደቅ አጥንቷን ይሰብራል። ከዚያ በኋላ ልጁ ይፈራታል፣ እሷም ትፈራዋለች፣ ኬጁ ወደ ጥግ ይገፋል። ፕላስቲክ ኳስ ውስጥ ከትቶ ወለል ላይ ማንከባለሉም ጨዋታ የሚመስለው ለሚያየው ነው፤ ውስጡ ያለችው አየር ያጠራት፣ ጢሟ የሚዳስሰው ያጣ፣ ከግድግዳ ጋር የምትጋጭ ፍጥረት ናት።

ልጅ ሊማር የሚችለው ነገር የለም አላልኩም። ውኃዋን መቀየር፣ ምግቧን በየቦታው ቀብሮ ስትፈልግ ማየት፣ ጉንጯን በእህል ሞልታ ፊቷ በእጥፍ ሲያብጥ መሳቅ፣ ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ባለቤቷ ግን አዋቂ ሰው መሆን አለበት። በእኔ ልምድ ከሃምስተር ጋር በደንብ የሚግባቡት በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አባቶች ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ታክሲያቸውን አቁመው የሚገቡት እሷ ስትነቃ ነው፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እነሱም ቶሎ አይተኙም፣ እጃቸውን ዘርግተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ለልጅ ተብላ የተገዛች እንስሳ የማን እንደሆነች ከሰማናቸው ታሪኮች በተደጋጋሚ የምናገኘው መልስ ይኼ ነው።

“ዕድሜዋ አጭር ነው” ይላሉ። ሁለት ዓመት፣ ሲበዛ ሦስት። ለእሳቸው ይህ ጥቅም ነው። አምስት ዓመት ለሞላው ልጅ ሁለት ዓመት ዕድሜው ግማሽ ሊጠጋ ነው፤ ሐዘኑንም “ሌላ እንገዛልሃለን” ብሎ መሸፋፈን አያስተምረውም። ሌላም ነገር አለ። ለገና በዓል ሌላ ስቴት ሲሄዱ ማሞቂያውን አጥፍተው የሚወጡ ቤተሰቦች ተመልሰው ሃምስተሯን ቀዝቅዛ፣ ደርቃ ያገኟታል። ሞታለች ብለው ይቀብራሉ። የክፍሉ ሙቀት ወደ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ግን ወርቃማው ሃምስተር ከሞት የማይለይ የክረምት እንቅልፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ልቡ በጣም ዝግ ብሎ ይመታል፣ ትንፋሹም በየረጅሙ ነው። ጢሟን ለረጅም ጊዜ ተመልከቱ፤ ቀስ በቀስ በእጅ ሙቀት አሙቁና ለሐኪም ደውሉ። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ። ከመጀመሪያውም ክፍሏ ከ18 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ማድረግ ነው።

የመጨረሻው “መናፈሻ ወስዶ መልቀቅ” ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በአክብሮት፣ ይህንን መስመር እንዲሰርዙ እለምናቸዋለሁ። ኬጅ ውስጥ የተወለደች፣ ቀለሟ ከሣር የማይመሳሰል ፍጥረት ቨርጂኒያ ውስጥ ብትለቀቅ ድመት ወይም ጭልፊት ይበላታል፤ ካመለጠችም ብርድ አለ። በብዙ ቦታ ሕግም ይከለክለዋል። የምትተርፍበት አየር ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሃዋይና አውስትራሊያ ሃምስተር ማስገባትን የከለከሉት አምልጣ ዱር እንዳትለምድ፣ ሰብልና አገሬውን እንስሳ እንዳትጎዳ ብለው ነው።

የሰለቻችሁ ሃምስተር ካለች የአካባቢያችሁ የእንስሳት መጠለያ ጋር ደውላችሁ ትንንሽ እንስሳት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚቀበሉ አሉ። ለመግዛት ያሰባችሁም ከሱቅ በፊት እዚያው እዩ፤ ሌሎች የሰለቿቸው ከነኬጃቸው ይገኛሉ። ኬጁ ግን ብዙውን ጊዜ ያው ከጸሐፊው ጠረጴዛ ጥግ የምትበቃው ዓይነት ስለሆነ ለትልቁ የሚሆን ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ።